በግራ እጁ ሰላም የሚለው ካፒቴን

ሐምዳን የራዲያተር ውኃ ጠጥቶ የተረፈ ሰው ነው። ከባቲ ተነሥቶ ወደ አሰብ ሲወርድ ጢሙ ገና አላቀማቀመም ነበር። የተሳፈረበት የጭነት መኪና ዶቢ ሜዳ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ አጓራና ቆመ። ሹፌሩ የሞተሩን ክዳን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። ደግሞ ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። ሰማዩም ምድሩም አንድ ዓይነት ነጭ ነበር። የያዙት ውኃ ሲያልቅ ሹፌሩ «ከመኪና እግር ይሻላል» ብሎ መንገዱን ይዞ ሄደ፤ ሬሳውን በኋላ መንገደኞች አገኙት። ሐምዳን ግን መኪናው ሥር ጥላ ይዞ ተኛ። ዝገትና ዘይት የሚሸተውን የራዲያተር ውኃ በጣሳ ክዳን እየቀዳ ከንፈሩን ያርስ ነበር። ግመል የሚነዱ አፋሮች ደርሰው ሲያነሡት ምላሱ አፉን ሞልቶት ነበር። ወተት በጨርቅ እያንጠባጠቡለት ነፍሱን መለሱለት።

ከዚያ ወዲህ የቆመ ሞተር አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ሌላው ሰው የቆመ ሞተር ሲያይ ሥራ ይታየዋል፤ ለሐምዳን የሚታየው ሞት ነው። አሰብ እንደገባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴና ፒንሳ አቀባይ ሆነ። ማንም አላስተማረውም፤ እያየ ለመደ፣ እያበላሸ ተማረ፣ ውሎ አድሮም ስሙ በከተማው ተጠራ።

በዚያ ዘመን ጀዕፈር የሚባል የሆዴዳ ነጋዴ ባሕሩ ዳር በላሜራ ትልቅ አዳራሽ አቆመ። አስመራ ውስጥ ከከሰረ አንድ ሉና ፓርክ የሚሉት የመጫወቻ ስፍራ የገዛውን ዕቃ በመርከብ አምጥቶ እዚያ ተከለው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በጨለማው አዳራሽ ውስጥ ሐዲድ ይዞራል፤ በሐዲዱ ላይ ትንንሽ ፉርጎዎች ሰው ጭነው ይሄዳሉ፤ በየመታጠፊያው መብራት ቦግ ሲል አንድ ምስል ይንቀሳቀሳል። መረብ የሚጎትት ዓሣ አጥማጅ አለ። ማራገቢያ የያዘች ሴት አለች፤ ድቤ የሚመታ ዝንጀሮ፣ አፉን የሚከፍት ሻርክ አለ። መጨረሻ ላይ፣ ወደ ብርሃን ከመውጣት በፊት፣ ባርኔጣ ያደረገ ካፒቴን ቆሞ ቀኝ እጁን ወደ ግንባሩ ያነሣል፤ በግራ እጁ ደግሞ ፋኖስ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። የከተማው ሰው «የጀዕፈር ሰዎች» ይላቸው ነበር። ዒድ ሲሆን የወደብ ሠራተኛው፣ ባለሱቁ፣ አስተማሪው ልጆቹን አስከትሎ ሰልፍ ይይዛል።

እነዚህን ምስሎች እንዲያንቀሳቅስ ጀዕፈር ሐምዳንን ቀጠረው። ልብሳቸውን የምትሰፋው ደግሞ ሳዲያ የምትባል የኮምቦልቻ ልጅ ነበረች። ሐምዳን የምስሎቹን ደረት ከፍቶ ሲሠራ እሷ እጅጌያቸውን ትጠቅማለች። በመጨረሻ ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም፤ ነገር ግን ቤታቸው ጨዋታ አያጣም ነበር።

የአሰብ አየር ጨው ነው። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ጨውን ከአሸዋ ጋር ደባልቆ በላሜራው ቀዳዳ ሁሉ ያስገባል። ግሪዝ የተቀባ ኩሽኔታ ከሰነበተ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ሞላዎቹ ይዝጋሉ፤ ጎማው በሙቀቱ ቀልጦ እንደ ማር ይንጠባጠባል። ከሰኔ እስከ መስከረም አዳራሹ ውስጥ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም። መለዋወጫ ከየት ይምጣ? የሠራው ፋብሪካ እንኳ የለም። ሐምዳን ለዓሣ አጥማጁ የሳይክል ካቴና፣ ለዝንጀሮው ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ገጠመ። ቆዳቸው ከወረቀትና ከሙጫ የተሠራ ነውና አንድ ቀን ፍየሎች በሩን ገርበብ ብሎ አግኝተው ገቡና የዓሣ አጥማጁን ጆሮ እስከ ጉንጩ በሉት። የአሰብ ፍየል ካርቶን ለምዷል። ሐምዳን በስቱኮ ደፈነው። ካፒቴኑን ከጀልባ ሠሪዎች ለምኖ ባመጣው ቀለም ቢቀባው ፊቱ ሲደርቅ ወደ አረንጓዴ አደላ። የወደብ ሰዎች «ካፒቴኑ ወባ ይዞታል፣ ኪኒን ስጠው እንጂ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

መንግሥት ሊለወጥ ሲል፣ ከተማው እጅ ሊቀያየር በተቃረበበት ሰሞን፣ ጀዕፈር በጀልባ ወደ ሆዴዳ ሊሻገር ተነሣ። ቁልፉን በሐምዳን መዳፍ ላይ አኖረና ጣቶቹን አጠፈለት።

«ሐምዳን፣ ስመለስ እጃቸውን ሲያነሡ ላግኛቸው። አማና ነው፣ አደራ» አለው።

«አማና ነው» አለ ሐምዳን።

በዚያው ወር ሳዲያም ሰው ሁሉ ሲሄድ ሄደች። እህቷ ኮምቦልቻ ውስጥ ቤት ነበራት። «ጀዕፈር ሲመጣ አስረክቤ እከተልሻለሁ» ብሎ ሸኛት። ጥቂት ወር ይሆናል ብሎ ነበር።

ጀዕፈር አልመጣም። ዓመት ሄደ፣ ሌላም ዓመት ሄደ። አገሩ ሌላ አገር ሆነ፤ የወደቡ ሥራ ግን እንደገና ደራ፤ ከመሀል አገር የጭነት መኪና እንደ ጉንዳን ይመጣል፣ ይሄዳል። ሐምዳን ጋራዥ እየሠራ ይበላል፤ ሲመሽ ወደ አዳራሹ ገብቶ ግሪዝ ይቀባል፣ ያጠብቃል፣ ይፈታል። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ሄዶ አንድ ሳምንት ሰነበተ። ሳዲያ እግሩን አጥባ አበላችው፤ ሌላ ነገር አላነሣችም። ሲመለስ የክረምቱ ወበቅ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ የዓሣ አጥማጁን ክንድ አድርቆት፣ የሴትዮዋን አንገት አጣብቆት አገኘው። ያን ለማላቀቅ ወራት ፈጀበት። ሁለተኛ አልሄደም።

መልእክት የሚያመላልስላቸው ውብሸት የሚባል ሹፌር ነበር፤ የሚቀልድ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

«ሳዲያ ያለችውን ልንገርህ ጋሼ፣ ወይስ የተሻለ ነገር ፈጥሬ ላውራልህ?»

«እንዳለችው ተናገር።»

«‹እነዚያ ሰዎች ሲታመም ውኃ ያቀብሉታል ወይ በለው› ብላለች።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት። እኔ እንኳ ጋሼ፣ እንዲህ የምትጠራኝ ሚስት ብትኖረኝ መኪናውን ጥዬ በእግሬ እበር ነበር።»

«አስረክቤ እመጣለሁ በላት።»

«ይሄን ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ። አፌ ለምዶታል።»

ከዚያ የካፒቴኑ ቀኝ ትከሻ ተሰበረ። ክንዱን የሚይዘው የነሐስ መጋጠሚያ በጨው ተበልቶ ለሁለት ተከፈለ። ሐምዳን አሰበበትና አንድ ዘዴ ዘየደ። ፋኖስ ይዞ የነበረው ግራ ክንድ ጤነኛ ነበርና ፋኖሱን አስጥሎ፣ እሱ ወደ ግንባር እንዲነሣ አደረገው። ከፍታውን ለመለካት ከካፒቴኑ ፊት ለፊት ሣጥን ላይ ይቀመጣል። የራሱን ቀኝ እጅ ያነሣል፤ ካፒቴኑም በዚያው ወገን ያነሣል። መስተዋት እንደሚያይ ሰው ሁለቱ እጆች አብረው እስኪወጡ፣ አብረው እስኪወርዱ ድረስ ብሎን እያጠበቀ ሰነበተ። ሲሳካለት ደስ አለው። ከዚያም በኋላ ማታ ማታ ከጋራዥ ሲመለስ እዚያው ሣጥን ላይ ተቀምጦ እጁን ያነሣል፤ ካፒቴኑም ይመልስለታል፤ የሚነሣው እጅ ግራ መሆኑንም እያደር ረሳው። ሌላ ሰላምታ የሚመልስለት ሰው በመንገዱ ላይ አልነበረም ማለት አይደለም። ግን ሐምዳን ቀስ በቀስ አንገቱን ደፍቶ መሄድ ለምዶ ነበር።

ሁለቱ አገሮች ሊዋጉ ጥቂት ወራት ሲቀራቸው፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ባለበት ወቅት፣ ለዒድ አዳራሹን ከፈተ። ጥቂት ሰው መጣ። ከመጡት አንዱ ከደባይሲማ የልጅ ልጆቹን ይዞ የወረደ ሐንፈሬ የሚባል አፋር ሽማግሌ ነበር። ሽርጡን ሰብስቦ፣ በትሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በፉርጎው ገባ። ሲወጣ ፊቱ ተቋጥሯል። ልጆቹን ወደ ውጭ ላካቸውና ወደ ሐምዳን መጣ።

«የዚህ ቤት ሰው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ያንን ባለ ባርኔጣ ሰውዬ ምን አድርጌው ነው?»

«ካፒቴኑን? ምን ሆነ?»

«በግራ እጁ ሰላም አለኝ። በልጆቼ ፊት።»

ሐምዳን ሳቀ። «በቀኙ ነው እንጂ። እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት።»

«እኔ የምበላበትን እጅ አልስተውም። አንተ የምትበላበትን ታውቀዋለህ?»

«ሽማግሌ ባትሆን እመልስልህ ነበር።»

«ሽማግሌስ አንተም ነህ። ና ግባ።»

ገቡ። ሐንፈሬ ሐምዳንን በትከሻው ያዘና ከካፒቴኑ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ፊቱን ወደ ሐዲዱ አዙሮ አቆመው። «አሁን እጅህን አንሣ» አለው። ሐምዳን ቀኝ እጁን አነሣ። ከጎኑ ያለው የካፒቴኑ እጅ ግን ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል፤ የተነሣው በወዲያኛው በኩል ያለው ነበር።

ሐምዳን እጁን እንዳነሣ ቀረ።

«እንዲህ ከሆነ ቆየ?» አለ ሐንፈሬ።

«ሁለት ዓመት አልፎታል።»

«ሰው አልነገረህም?»

«የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።»

ሐንፈሬን ቁጣው ለቀቀው። «ሰው ከሰው ጋር ጎን ለጎን ካልቆመ ቀኙና ግራው ይጠፋበታል» አለና ከደጅ ባለው ጥላ ውስጥ ተቀመጠ። በትሩን መሬት ላይ አኑሮ ሐምዳንንም አስቀመጠው። «በል፣ ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

አፋር ከሰው ሲገናኝ ዳጉ ሳይለዋወጥ አያልፍም። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ሰማሁ ብሎ ይናገራል፤ የዋሸ ሰው ከዚያ በኋላ ወሬው አይሰማለትም። ሐምዳን ይህን ልማድ ያውቀዋል። ተራው ሲደርስ «ኩሽኔታ ቀየርኩ» አለ። «የሻርኩ መንጋጋ ተቀርቅሮ ነበር፣ አላቀቅኩት።» ሌላ አልመጣለትም።

«ይሄ የሰው ወሬ አይደለም» አለ ሐንፈሬ፤ ሆኖም ሳያቋርጥ አዳመጠው። ከዚያ የራሱን ቀጠለ። ደባይሲማ ላይ ዝናብ ወርዷል፤ ጉድጓዱ ግን ጨዋማ እንደሆነ ነው። ዘመዱ ሚስት አግብቷል። ራሔይታ ላይ ከሆዴዳ የመጡ ዓሣ አጥማጆች አርፈው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ ድሮ አሰብ ውስጥ የሚጫወቱ ምስሎች የነበሩትን ነጋዴ፣ ጀዕፈርን፣ ካለፈው ረመዳን በፊት ቀበርነው ብሏል። ልጆቹም ንብረቱን ሸጠው ተበትነዋል።

ሐምዳን ቀና አለ። «አየህ ወይስ ሰማህ?»

«አፈር ካለበሰው ሰው አፍ ሰማሁ።»

ሐምዳን «ኢና ሊላሂ» አለና ዓይኑን ወደ ባሕሩ አደረገ። የሚረከበው የለም ማለት ነው። ያ ሁሉ ዓመት የጠበቀው ሰው አፈር ውስጥ ነው።

«እና አሁን ማን ያዘህ?» አለ ሐንፈሬ።

«ማንም» አለ ሐምዳን። «እጁን ላስተካክለውና እሄዳለሁ።»

በዚያው ሰሞን ውብሸት መጣ። ወሬውን ሲሰማ መሪውን በሁለት እጁ መታ።

«ገቢናው ባዶ ነው ጋሼ። ነገ ጠዋት እንውጣ።»

«ካፒቴኑን አስተካክዬ።»

«ለማን ነው የምታስተካክለው? ባለቤቱ ሞተ አላልክም እንዴ?»

«በግራ እጁ ሰላም እያለ ትቼው ብሄድ፣ ሐምዳን ሥራውን ሳይጨርስ ሸሸ ይባላል።»

«ማን ይላል?»

«እኔ እላለሁ።»

ውብሸት ራሱን ነቀነቀ። «ሳዲያን ምን ልበላት?»

«በሚቀጥለው ጉዞህ እንደምመጣ ንገራት።»

ሥራው ግን እንዳሰበው አልሆነም። የግራው ትከሻ ለቀኙ አይሆንም፤ ሁሉ ነገሩ ተገልብጦ ነው የተሠራው። የተሰበረውን ነሐስ በየደው፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ተሰነጠቀ። ከእንጨት ቀረጸ፤ እንጨቱ በወበቁ አብጦ ተቀረቀረ። ከብረት ቆረጠ፤ ብረቱ ከበደና ሞተሩ ጢስ ጢስ አለ። በመጨረሻ ባሕሩ ዳር ከወደቀ አሮጌ የሞተር ጀልባ ወፍራም ነሐስ ነቅሎ አመጣና በሞረድ ይፍቀው ጀመር። ቀን በፀሐይ ሲያቃጥል አዳራሹ ደጅ ባለው ጥላ ተቀምጦ ይሞርዳል። ከተማው በቀትር በሩን ዘግቶ ሲተኛ የሚሰማው የሱ ሞረድና የቁራ ጩኸት ብቻ ነበር።

ውብሸት ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ አልቀለደም።

«ክፍሉን ቀለም አስቀብታለች። አልጋውንም አዙራዋለች፣ ነፋስ እንዲደርስህ ብላ። ‹በዚህ ካልመጣ ከእንግዲህ አልጠራውም› ነው ያለችው።»

ሐምዳን ነሐሱን አገላብጦ አየው። «ጥቂት ነው የቀረው። ተመልከት፣ እዚህ ጋ ብቻ ነው የሚነካው።»

«እኔ ይሄን ማየት አልችልም ጋሼ።»

«በሚቀጥለው። በእርግጥ በሚቀጥለው።»

ውብሸት የመኪናውን በር ከፍቶ ብዙ ቆመ። ከዚያ ገባና ሄደ።

ግንቦት ላይ ጦርነቱ ተነሣ። መንገዱ ተዘጋ። መኪና መምጣቱን ተወ፤ ወደቡ ላይ ክሬኖቹ አንገታቸውን ዘርግተው ቆሙ። ጎረቤት የነበረው ሱቅ ተዘጋ፤ ቀጥሎ ያለውም ተዘጋ። ከደጋ መጥተው አሰብን ቤታቸው ያደረጉ ሰዎች ዕቃቸውን በአንሶላ ቋጥረው ባገኙት ሁሉ ወጡ። ሐምዳን በዚያ ሁሉ መሀል ይሞርድ ነበር። ምን ያድርግ፤ ውብሸት ነገ ብቅ ቢል ሥራው አልቆ እንዲጠብቀው ብሎ ነው። ውብሸት ብቅ አላለም።

ነሐሱ ገጠመ። ሐምዳን መብራቱን አበራ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ከዚያም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ተመልካች ፉርጎው ውስጥ ተቀመጠ። ዓሣ አጥማጁ ጎተተ። ሴትዮዋ አራገበች። ዝንጀሮው መታ። ሻርኩ አፉን ከፈተና ዘጋ። መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ካፒቴኑ ቀኝ እጁን ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይንገጫገጭ ወደ ግንባሩ አነሣ። ጥሩ ሥራ ነበር። ሐምዳን ወደ ብርሃኑ ሲወጣ ጎዳናው ላይ ሰው የለም። ፉርጎው ውስጥ እንደተቀመጠ ቆየ።

ሐንፈሬ የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። መኪና ባይሻገርም ግመል ሣር ወዳለበት ይሄዳል፤ ወሬም ከግመሉ ጋር ይሄዳል። እንደ ልማዱ ተቀመጠ፣ በትሩን አኖረ።

«በዚያ ማዶ ያሉ ዘመዶቻችን ባቲ ገበያ ወርደው ነበር» አለ። «አንዲት ሴት ከኮምቦልቻ ድረስ መጥታ አፋር ባየች ቁጥር ትጠይቃለች አሉ። ጥያቄዋ ከአፍ አፍ ተላልፎ እኔ ዘንድ ደርሷል።»

«ምን ብላ ነው የምትጠይቀው?»

«‹አሰብ ያለው ሰውዬ እጁን አስተካከለ ወይ?› ነው የምትለው። ሌላ አላለችም።»

ሐምዳን ሁለቱን መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሞረድ ጠባሳቸውን ሲያይ ቆየ።

«ጥያቄ ሲመጣ መልስ ይሄዳል» አለ ሐንፈሬ። «ምን ብዬ ላድርስ? ያልሆነ ነገር ግን አልወስድም።»

ሐምዳን ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እጁ ተስተካክሏል በላት። በቀኙ ነው የሚያነሣው፣ አይቼዋለሁ። ጀዕፈር አማና ያለኝን ዕቃ ጠብቄያለሁ፤ በዚያ አላፍርም። ግን እንዲህም ብሏል በላት፦ ዕቃውን ሰው ነው በመዳፌ ላይ ያኖረው። አንቺን ግን ማንም አደራ ብሎ አልሰጠኝም፤ በራስሽ እግር ነው የመጣሽልኝ። በራሱ እግር የመጣ ሰው ከአደራ ዕቃ ይበልጥ ነበር። ገቢናው ባዶ የነበረ ቀን፣ ካፒቴኑን በግራ እጁ ሰላም እንዳለ ትቼው መምጣት ነበረብኝ።»